ከጣራ ገዳም ያላመጣሁት ቃል

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ቤት ሊገዙ ቢሮዬ መጡ። ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ባለችው በዚህች ጠባብ ቢሮ ስንት ቤት እንዳሻሻጥሁ እኔም አላውቀው፤ ሰው ምን እንደሚጠይቅ ግን በቃሌ ይዤዋለሁ። ካርታው በማን ስም ነው? የባንክ እግድ የለበትም? ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ትመጣለች? ልጆቹ ይህን ሁሉ እየተቀባበሉ ጠየቁ፤ እኔም መለስሁ። ሽማግሌው ለውሉ ልንነሣ ስንል ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ግዝት የለበትም?»

ልጆቻቸው ተሳሳቁ። «አባባ ደግሞ! ግዝት የሚባል ነገር አሁንም አለ እንዴ?» አለ ታላቁ። እኔ መሳቅ አልቻልሁም። «የለበትም አባባ፤ ጎረቤቱን ቤት ለቤት ዞሬ ጠይቄያለሁ» አልኋቸው። እውነቴን ነበር። የያዝሁት ቁልፍ ግን አምልጦኝ መሬት ላይ ወደቀ። እሳቸው ድካም መስሏቸው «አይዞሽ» አሉኝ። ወይ አይዞሽ!

ልጆቹ እውነት አላቸው፤ ዛሬ ይህን የሚያነሣ የለም። በእኔ ወጣትነት ግን ሰው ሊሞት ሲል የንስሐ አባቱን ጠርቶ ይናዘዛል፤ ከሞቱ በኋላ እንዳይፈርስ የሚሰጋለት ነገር ካለ ቄሱ በቃላቸው ያስሩለታል። «ይህን ያፈረሰ ውጉዝ ከመ አርዮስ» ይላሉ፤ እንደ አርዮስ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ይሁን ማለት ነው። ግዝት ይኸው ነው። ወረቀት የለው፣ ማኅተም የለው፤ ነገር ግን ከማኅተም በላይ ይፈራ ነበር። ያሰሩት አባት ራሳቸው ካልፈቱትም አይፈታም ይባላል።

ያኔ እዚሁ መምህራን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነበርሁ። ቤተሰቦቼ በጋፋት በኩል ገብስና ስንዴ የሚያርሱ፣ ጥቂት ከብት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ ሄጄ የሳምንት ስንቄን፣ ድንችና የገብስ ቆሎ፣ ተሸክሜ እመለሳለሁ። ሆዴ አይጎድልም፤ የሚጎድለኝ ሌላው ሁሉ ነው። ጫማዬም አንድ፣ ሹራቤም አንድ ነበር። የደብረ ታቦርን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ የጉና ነፋስ ሲመጣ አንድ ሹራብ ቀልድ ነው።

ወደ ደላላነት ያስገባኝ ምላሴ ነው። ተማሪ ክፍል ሊከራይ ሲሄድ አከራዮቹ «መብራት አታምሺ፣ ውኃ አታብዢ፣ ዘመድ አታምጪ» እያሉ ያስጨንቁታል። እኔ ደግሞ ተከራክሬ መርታት እወዳለሁ። የክፍሌ ልጆች ይህን አይተው «ትሁኔ፣ እባክሽ ለእኔም ፈልጊልኝ» ማለት ጀመሩ። በመስከረም ተማሪ ሲጎርፍ ከክፍል ወጥቼ ሰፈር ለሰፈር እዞራለሁ፤ የትኛው ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የትኛዋ አከራይ እንደምትቆጣ ከእኔ የተሰወረ አልነበረም። ተከራይም አከራይም ደስ ሲላቸው የሻይ ብለው ይሰጡኛል። ሴት ልጅ ደላላ ስትሆን ያን ጊዜ ነውር ነበርና «ወንዳወንድ» ይሉኛል፤ እኔ እቴ፣ ምን ገዶኝ!

አንድ ቀን የከተማው አንጋፋ ደላላ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። አያ ጫኔ ይባላሉ፤ ጥቁር ካፖርታቸውን በጋ ከክረምት የማያወልቁ ሰው ናቸው።

«አንቺ ነሽ ገበያዬን የምትሻሚኝ?»

ደነገጥሁ። ድንጋጤዬን አይተው ከት ብለው ሳቁ። «ነይ፤ ክፍል ከማከራየት ቤት መሸጥ ይሻልሻል። ትምህርትሽን ሳትለቂ ላስተምርሽ» አሉኝ።

የአያ ጫኔ አሠራር የራሳቸው ነበር። የሚሸጠውን ቤት ከማየታቸው በፊት የጎረቤቶቹን ቤት ይጎበኛሉ። እግዜር ይስጥልኝ እያሉ ከሦስት ቤት ጠላ ሳይቀምሱ ስለ ውል አያነሡም። «ሻጭ የቤቱን ደግ ደጉን ነው የሚነግርሽ። ጎረቤት ግን ማን እንደተጣላበት፣ ማን እንደሞተበት ይነግርሻል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይሉኝ ነበር። እኔ የጠላውን ነገር ወደድሁት፤ ምክሩን ግን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በአንዱ አፈሰስሁት።

በዚያ ዓመት ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ጽድ በከበበው ግቢ ውስጥ አንድ ቤት ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። ሰፊ ግቢ፣ የጉድጓድ ውኃ፣ ያልዛገ ቆርቆሮ፤ ዋጋውም እንደ ነጻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ገዢ አላገኘም። አያ ጫኔን ብጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ያን ቤት ተዪው።»

«ለምን አያ?»

«ግዝት አለበት። የሸጠም፣ የገዛም፣ ያሻሻጠም ውጉዝ ነው። እኔ የሰባት ልጆች አባት ነኝ፤ አልነካውም። አንቺም እናት አባት አለሽ፤ ተዪው ብዬሻለሁ።»

መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አሰብሁ? አያ ጫኔ ካልነኩት የድለላው ድርሻ ለብቻዬ ነው አልሁ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ያሰብሁት ይህንኑ ነው።

የቤቱ ባለቤት መኳንንት ባሕር ዳር የሚኖር ነጋዴ ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎኛልና ይቅር በሉኝ። ቤቱ በውርስ በስሙ ዞሯል፤ በውስጡ የሚኖሩት ግን ታላቅ እህቱ እትዬ አንጓች ናቸው። እኚህን ሴት ከሌሎቹ ለይቼ ላስተዋውቃችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሳቸው ነገር ነውና። እሳቸውንስ አንቱ እላለሁ።

እትዬ አንጓች የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ቆመው ሲያወሩ፣ እንጨት ሲለቅሙ፣ ድንገት ድርቅ ይሉና ይወድቃሉ። በዚህ ምክንያት ባል ሳያገቡ ቀርተው አባታቸውን እስከ ዕለተ ሞት አስታመሙ። አባትየው አናጢ ነበሩ፤ ያን ቤት ለዚህች ልጅ ብለው ነው የሠሩት። ምድጃው በጭቃ ግድግዳ ተከልሏል፤ ከጎኑ ባለች ቀዳዳ እጅ አስገብቶ ነው እሳት የሚማገደው። ደጃፉ ላይ ደረጃ የለም፤ አፈሩ ተደልድሎ ዝቅ እያለ ግቢው ድረስ ይወርዳል። የጉድጓዱ አፍ በወፍራም ሳንቃ ተከድኗል። የመደቡ፣ የአልጋው፣ የሣጥኑ ጠርዝ ሁሉ ተሞርዶ ክብ ሆኗል። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ቢወድቅ የሚወጋው ነገር አልነበረም። እኔ ግን ያን ሁሉ ዞሬ አይቼ «ጥሩ ሥራ ነው፤ ዋጋ ያወጣል» ብዬ ወጣሁ።

አባትየው ሲናዘዙ አጠገባቸው የነበሩት የንስሐ አባታቸውና ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። እትዬ አንጓች ያን ሰዓት ወድቀው ሴቶች ደግፈዋቸው ነበርና ቃሉን በጆሯቸው አልሰሙም። ሽማግሌዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የንስሐ አባቱ አባ ገብረ ሥላሴ መንኩሰው ጣራ ገዳም ገቡ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር አያ ጫኔ የነገሩኝን መልክ ያዘ።

ገዢ አመጣሁ። ብርቱካን ትባላለች፤ የመንደራችን አጎራባች ልጅ ናት፤ በስምንት ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። ቤይሩት በሰው ቤት ስምንት ዓመት ሠርታ መመለሷ ነበር። ሕፃን ሳለች ትታት የሄደቻት ልጅ አለቻት፤ አሁን ልጅቷ አድጋ እናቷን እንደ እንግዳ ነው የምታያት። «አንድ ቤት ውስጥ ብንኖር ትለምደኛለች» ትለኝ ነበር ብርቱካን። ግቢውን እንዳየች ወደደችው። ጽዱን እየዳሰሰች፣ ጉድጓዱን እያየች፣ «እዚህ ጎመን፣ እዚያ ቃሪያ» እያለች ዞረች። በማግስቱ ግን ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ጎረቤት ነግሯታል።

«ትሁኔ፣ እንዳትዋሺኝ። ግዝት አለበት አሉኝ።»

«አለበት ይባላል» አልሁ።

«ልጄን ግዝት ባለበት ቤት አላስገባም። ያሰሩት አባት ፈትቻለሁ ካሉ እገዛዋለሁ። ካላሉ ሐሙስ ከሰዓት ሌላ ደላላ ያሳየኝን እይዛለሁ።»

ለመኳንንት ስልክ ደወልሁ። ሞባይል ብርቅ ነበርና የደወልሁት ከቴሌ ነው። «እኔ ከአባ ጋር በአባቴ ተዝካር ተጣልተናል፤ ፊታቸውን አላይም። አንቺ ሂጂ፤ አፍሽ ማር ነው» አለኝ። እትዬ አንጓች ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅሁት። «ከእኔ ጋር ባሕር ዳር ነዋ! እህቴ አይደለች እንዴ?» አለ። እኔም አመንሁት፤ ወይም ማመን ተመቸኝ።

ረቡዕ ማለዳ በመጀመሪያው መኪና ወጣሁ። ግንቦት ነበር። ከደጋው ወደ ወረታ ስንወርድ ብርዱ ቀስ በቀስ እየለቀቀን፣ ሜዳው ላይ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። በይፋግ በኩል አድርጌ አዲስ ዘመን ወረድሁና ወደ ገዳሙ በእግሬ ወጣሁ። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከውጭ ፀሐይ እያለ ውስጡ ይጨልማል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ቅርንጫፉ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ዞር እላለሁ። ሰው የሚከተለኝ ይመስለኝ ነበር። ገና ምንም ሳላደርግ!

በር ላይ አንድ መነኩሴ አትክልት ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ተሳልሜ አባ ገብረ ሥላሴን ማግኘት እንደምፈልግ ነገርኋቸው።

«አባ ሱባኤ ይዘዋል፣ ልጄ። በሱባኤ ሰው አያናግሩም። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ይወጣሉ።»

«ለአንዲት ቃል ብቻ ነው አባቴ። አዎ ወይም አይደለም እንዲሉኝ ነው።»

«ሦስት ቀን ነው እኮ። ለእንግዳ ማደሪያ አለን፤ ንፍሮም አይጠፋም። ካልሆነም ቃልሽን ለእኔ ንገሪኝና ሲወጡ እጠይቅልሻለሁ፤ ተመልሰሽ ትመጫለሽ።»

ብነግራቸው ምን ነበረበት? ሦስት ቀን! ግን በማግስቱ ጠዋት ፈተና አለብኝ፤ ከሰዓት ደግሞ ብርቱካን ልታመልጠኝ ነው። «ግድ የለም አባቴ፤ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብዬ የሰጡኝን ንፍሮ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወረድሁ።

ውሸቱ መጀመሪያ የመጣው እንደ ቀልድ ነው። መኪናው ይፋግ ላይ ጎማ ሊቀይር ቆመ፤ ሁላችንም ወረድን። መንገድ ዳር ቆሜ ንፍሮዬን ስቆረጥም «ፈትተዋል ብላትስ?» አልሁ በልቤ። ራሴው ሳቅሁ። ጎማው ተቀይሮ እስኪያልቅ ግን ሳቁ ጠፍቶ ሐሳቡ ቀረ። ማን ያውቃል? አባ ወደ ከተማ አይወርዱ፤ መኳንንት አይጠይቃቸው። ደግሞስ ጠይቄያቸው ቢሆን ሊፈቱት ይችሉ አልነበር? ወደ ጉና በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። «ዘንቦ መንገዱ ሳይበላሽ እንሂድ» አለ ሾፌሩ። ተሳፈርን።

ሐሙስ ጠዋት ተፈተንሁ። የሥነ ምግባር ፈተና ነበር፤ ሳቁብኝ እንጂ! በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ። ከሰዓት ብርቱካን ኮሌጁ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«እህስ?»

«ፈትተዋል።»

«በአፋቸው?»

«በአፋቸው።»

እንባዋ መጣ። አቅፋ ሳመችኝ፤ አንገቴ ላይ የእንባዋ ሙቀት ይሰማኝ ነበር። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረኝም።

ከሷ የባሰው እትዬ አንጓች ዘንድ መሄዱ ነው። መኳንንት «አንቺ ንገሪያት፣ እኔን አትሰማኝም» ብሎ ነበር። ግቢው ውስጥ ድንች ሲልጡ አገኘኋቸው። ነገርኋቸው። ቢላዋውን አስቀመጡ።

«አባ ደኅና ናቸው?» አሉኝ።

«ደኅና ናቸው፣ እትዬ።»

«ስለ እኔ ጠየቁሽ?»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር የምችልበት የመጨረሻው በር ተከፍቶልኝ ነበር። «አዎ፤ አንጓች ደኅና ናት ወይ፣ አሁንም ይጥላታል ወይ ብለው ጠይቀዋል። በጸሎቴ አስባታለሁ በያት ብለዋል» አልሁ። አንዱን ከጀመርሁ ወዲያ እንደ ልብ ይወጣልኝ ነበር። ፊታቸው እንዴት በራ! «እኔ እኮ የረሱኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። «አባ ከፈቱትማ እወጣለሁ። እኔ እምቢ የምለው አባቴ በአፈር ውስጥ እንዳይጨነቅ ብዬ ነው እንጂ ቤቱ ለእኔ ምኔ ነው?» ከዚያ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ። በላሁ። ምን ላድርግ፣ አልበላም ብል ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁ።

ውሉ በእማኞች ፊት ተጻፈ። ብርቱካን ከመፈረሟ በፊት ወደ እትዬ አንጓች ዞራ «እትዬ፣ በፈቃድዎ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «በፈቃዴ ነው፣ ልጄ። ከወንድሜ ጋር እሄዳለሁ» አሉ። መኳንንት ራሱን ነቀነቀ። ድርሻዬን ተቀብዬ ሁለተኛ ሹራብ ገዛሁ። አያ ጫኔ ሰምተው በመንገድ ሲያገኙኝ ሰላምታዬን ሳይመልሱ አለፉኝ።

ሳምንት ሳይሞላ መኳንንት ኮሌጅ ድረስ መጣ። ባሕር ዳር ያለው ቤቱ እየታደሰ ነው አለ፤ ሚስቱም አራስ ናት አለ። «ለጊዜው እዚሁ አንድ ክፍል ፈልጊላት። ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል?» እውነት ነው፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ፈለግሁላቸው። ከወንዙ ማዶ፣ ከመንገዱ በታች፣ የአንዲት መበለት ክፍል ነበረች። ደጃፏ ላይ ሦስት የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ከደረጃው ሥር የጎርፍ መውረጃ ቦይ ያልፋል። ያን ጊዜ ደረቅ ነበር። አይቼዋለሁ፤ አላየሁም አልልም። «ለጊዜው ነው» አልሁ ለራሴ። እትዬ አንጓችን ሳስገባ እጃቸውን ይዤ ደረጃውን አወጣኋቸው። «ጥሩ ክፍል ነው፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ በረታ። መኳንንት አልተመለሰም። በአዳራሹ ቁጭ ብዬ መምህሩ ሲያስተምር ቆርቆሮው ላይ ዝናብ በወረደ ቁጥር ያ ቦይ ይታየኛል። ልሂድና ሌላ ክፍል ልፈልግላቸው እላለሁ፤ ደግሞ ነገ እላለሁ። አንድ ቀን ብርቱካን ገበያ አገኘችኝ።

«እትዬ አንጓችን ያየኋቸው መሰለኝ እኮ! ባሕር ዳር አይደሉም እንዴ?»

እዚሁ ናቸው ብላት «ለምን?» ትላለች፤ ለምን ስትል አንድ በአንድ ሁሉም ይፈታል። «ዘመድ ጥየቃ መጥተው ይሆናል» አልኋት።

«ዘመድ ጥየቃ ከመጡማ ቤታቸው ይምጡ! ንገሪልኝ» አለችና ጎመን ዘሯን ይዛ ሄደች። አልነገርሁላትም።

በሐምሌ አንድ ቀን ማለዳ እትዬ አንጓች ለኪዳን ጸሎት ሊደርሱ ሲወጡ ደረጃው ላይ ጣላቸው። መበለቷ ስትነሣ በግንባራቸው ቦዩ ውስጥ ተደፍተው አገኘቻቸው። ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር። የሰማሁት ክፍል ውስጥ ነው፤ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ «ከወንዝ ማዶ አንዲት የሚጥላት ሴት ሞተች» ብላ እንደ ወሬ ነገረችኝ። እስክርቢቶዬን ይዤ እስከ መጨረሻው ደወል ቁጭ አልሁ።

በሣልስቱ አባ ገብረ ሥላሴ መጡ። ማን እንደላከባቸው አላውቅም። ቀጭን፣ አጭር፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ በዐይነ ሕሊናዬ የሚያስፈራ ሰው ነበር የሣልሁት። ከቅዳሴ በኋላ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሳለ መኳንንትን ጠሩት።

«እህትህን ከቤቷ ማን አስወጣት፣ ልጄ?»

መኳንንት ተርበተበተ። «አባ፣ እርስዎ ፈትተውት አይደለም? ቤቱ ይሸጥ ብለው...»

«እኔ? እኔ ቤቱን መቼ ገዘትሁና ነው የምፈታው? ቤት ይሸጣል፣ ይለወጣል። አባትህ ያስገዘተኝ ‹አንጓችን በሕይወቷ ከዚህ ጣሪያ ሥር ያስወጣ ውጉዝ ይሁን› ብሎ ነው። እሷን ይዞ ለሚኖር ሰው መሸጥ ትችሉ ነበር እኮ።»

ብርቱካን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ፊት ወጣች። «እኔ ነኝ የገዛሁት፣ አባ። ፈትተዋል ተብዬ ነው።»

«ማን አለሽ?»

ዞራ አየችኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣ «አንድ ሰው» አለች። ለምን እንደሸፈነችኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሰው ሲበተን አጠገቤ መጥታ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረችኝ፦ «ስምንት ዓመት የሰው ወጥ ቤት ወለል ላይ ተኝቻለሁ። አንዲት ሴት ከእኔ ጋር ብትኖር የሚከብደኝ መስሎሽ ነው? ብትነግሪኝ ኖሮ ለልጄም አያት ትሆናት ነበር።» ከዚያ ወዲህ አናግራኝ አታውቅም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ። ሦስት ቀን ብታገሥ ኖሮ ብርቱካንም ቤቷን፣ መኳንንትም ብሩን፣ እኔም ድርሻዬን እናገኝ ነበር፤ እትዬ አንጓችም እዚያው ይወድቁና እዚያው ይነሡ ነበር። የሚከለክለን ምንም አልነበረም።

አባ ገና አልሄዱም ነበር። ለቀረው ሰው እንዲህ አሉ፦ «እኔ በሱባኤ ሳለሁ አንዲት ልጅ ፈልጋኝ መጥታ እንደነበር ሰምቻለሁ። ማን እንደሆነች አልጠይቅም። ብትሰማኝ እስከ ማታ እዚህ ነኝ። አልቆጣትም፤ እፈታታለሁ።» ይህን ብለው በደጀ ሰላሙ በኩል ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ከግቢው አልወጣሁም፤ ከአንድ ጽድ ጀርባ ቆሜ አያቸው ነበር። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ዝናብ ጣለና አባራ። ሰው ምግብ አመጣላቸው፤ አልበሉም። አንዴ ሁለት እርምጃ ሄጄ ተመለስሁ። ሲመሽ አንድ ዲያቆን ደግፎ አስነሣቸውና ወደ መኪናው ወሰዳቸው። በተከታዩ ጥር አረፉ።

ኮሌጁን ጨረስሁ፤ አንድም ቀን ግን አላስተማርሁም። ይኸው እስከ ዛሬ ቤት አሻሽጣለሁ። «ትሁኔ አትዋሽም» ይሉኛል በከተማው፤ ከሻጭ በፊት ጎረቤት የምትጠይቅ፣ የቤቱን ጉድ ሳትደብቅ የምትናገር ደላላ ይሉኛል። ገበያዬም የደራው በዚህ ነው። ጨዋነት ይመስላቸዋል፤ ፍርሃት ነው። ለሌላ አባት ተናዝዣለሁ፤ ቀኖናዬን ሰጥተውኝ ፈጽሜያለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለውኛል። አሜን ብያለሁ።

ለውሸቱ ምክንያት አላጣም። ልጅ ነበርሁ፣ ድኻ ነበርሁ፣ ፈተና ነበረብኝ እላለሁ። ለዚያ ከሰዓት ግን ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። እኒያ ሽማግሌ ልብሳቸው በዝናብ ርሶ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር ቀና እያሉ፣ እስኪመሽ ድረስ ጠብቀውኛል።